እሌኒ የማን ሚስት ነበረች?

ይድረስ ለታሪክ መማሪያ መጻሕፍትና ለፈተና አዘጋጆች

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። ጠመኔ ከያዝኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የደመወዝ ጥያቄ ካልሆነ በቀር ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የመጻፍ ልማድ የለኝም። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንድ የምርጫ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ የኖረ ነው። እኔም ሳላስብበት ገልብጬዋለሁ። «ንግሥት እሌኒ የማን ሚስት ነበረች?» ይላል። ሀ. የዐፄ ይስሐቅ፣ ለ. የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ሐ. የዐፄ በእደ ማርያም፣ መ. የዐፄ ልብነ ድንግል። መልሱ «ለ» ነው ተብሎ ተይዟል።

አንዲት ተማሪዬ «ሐ» ብላ መለሰች። ኤክስ አደረግኩባት። በማግስቱ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ታቅፋ መጣች። መጽሐፉ እሌኒን የበእደ ማርያም ሚስት ይላታል። ልጅቷ ከመሬት ተነስታ አልመለሰችም፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም በዚህ ነገር አንድ ቃል ሆነው አያውቁም። አንዱ የዘርዓ ያዕቆብ ናት ይላል፣ ሌላው የልጁ የበእደ ማርያም። ከኋላ ወንበር አንዱ ብድግ ብሎ «ቲቸር፣ በቃ ሁለቱም ይያዝላት» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ባል አንድ፣ ባል ሁለት ስንባባል ደወል ተደወለ።

መምህራን ክፍል ገብቼ ሻይ ይዤ ስቀመጥ ነው ነገሩ የገባኝ። ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስለ እሌኒ ተከራክረናል። ሴትዮዋ ምን እንደሠራች ግን አንድም ሰው አልጠየቀም። እኔም አልተናገርኩም።

ሴቶች ከታሪክ መጽሐፍ ጠፍተዋል የሚል አቤቱታ ይዤ አይደለም የመጣሁት። አልጠፉም፤ ስማቸው አለ። ያለው ግን «የእገሌ ሚስት»፣ «የእገሌ እናት» ተብሎ ነው። ወይም ገጹ ዳር በሳጥን ተከቦ። ታሪኩ በገጹ መሃል ሲሄድ እነሱ ዳር ቆመው ያያሉ። እኔ የምለው ሌላ ነው። የመካከለኛው ዘመን ታሪካችን እነዚህ ሴቶች የሠሩት ሲወጣለት ምክንያቱ ይጎድላል። ልጆቹ ይሸመድዱታል እንጂ አይገባቸውም። እስቲ እንዴት እንደሆነ ላሳያችሁ። (ዓመቶቹን በሙሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው። ለንግሥቶቹም «እሳቸው» አላልኩም፤ ለነገሥታቱም ስላላልኩ ቅር አይበላችሁ።)

እሌኒ የሐዲያ ልጅ ናት። አባቷ ገራድ መሐመድ የሐዲያ ገዥ ነበር፤ ሙስሊም ነው። ሐዲያ በዚያን ጊዜ ለንጉሠ ነገሥቱ የምትገብር፣ ሲመራት ደግሞ የምታምፅ አገር ነበረች። ከገዥ ቤት ሴት ልጅ ወስዶ ማግባት የሰላም መያዣ ነው። እሌኒም በዚህ መንገድ ወደ ክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት ገባች። ትወድ እንደሆነ የጠየቃት ያለ አይመስለኝም። ማዕረጓ «ቀኝ በዓልቴሐት» ነው፣ የቀኝ ንግሥት ማለት። የግራም ነበረች። ዛሬ «ባልቴት» የምንለው ቃል ከዚሁ የወረደ ይመስለኛል። እንዲያ ከሆነ አንድ ቃል ከዙፋን ቀኝ ተነስቶ ምድጃ ዳር እስኪቀመጥ የተጓዘውን መንገድ አስቡት።

የገባችበት ቤት ምን ዓይነት እንደነበረ ካልተነገረ ግን ብልህነቷ አይታይም። ዘርዓ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 ነገሠ። ለሴት ሥልጣን የሰጠ ንጉሥ ነው። ሴት ልጆቹንና የቅርብ ዘመዶቹን በየአገሩ ላይ ሾማቸው። ዜና መዋዕሉ ስማቸውን እየጠራ ይዘረዝራል፤ ትግራይ ላይ ድል ሰምራ፣ አንጎት ላይ ባሕር መንገሻ እያለ ይቀጥላል። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ የቀለድኩ ይመስላቸዋል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ትግራይን ሴት ገዛች? አዎ፣ ገዛች። የታመነ ዘመድ ሹሞ የመኳንንቱን ጉልበት ለመስበር የተደረገ ይመስላል፤ ለሴቶች መብት ታስቦ አይደለም።

ያው ዜና መዋዕል ደግሞ ሌላ ነገር ያወራል። የንጉሡ ልጆች፣ ወንዶቹም ሴቶቹም፣ ጣዖት አምልካችኋል ተብለው ተከሰሱ። ድል ሰምራ አንዷ ናት። ተገረፉ፤ ከግርፋቱ የሞቱም አሉ። ሹመቱም ግርፋቱም ከአንድ እጅ ነው የመጣው። ይህን ሳይነግሩ «ሴቶች ይሾሙ ነበር» ብቻ ብሎ ማለፍ ልጆቹን መሸንገል ነው።

የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳም አለች። ልጄን አነግሣለሁ ብላ መክራለች ተባለች። ንጉሡ አስገረፋት፤ በዚያው ሰበብ ሞተች። በድብቅ ደብረ ብርሃን አጠገብ ቀበሯት። ልጇ ይህን ሲሰማ ለተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ዕጣንና ጧፍ ሰጠ። አባቱ ያንንም ሰምቶ ተቆጣ። ለእናት ጧፍ ማብራት የሚያስቆጣበት ቤት ነው እንግዲህ።

በእደ ማርያም በ1468 ሲነግሥ እናት የለውም። ያንን ባዶ ቦታ የሞላችው እሌኒ ናት። የእሱ ዜና መዋዕል ስለ እሷ የሚለውን ክፍል ውስጥ ብታስነብቡልኝ ደስ ይለኛል። ሙያዋ በሁሉ ነገር የተሟላ ነው ይላል። በእግዚአብሔር ፊት በጸሎቷና በሃይማኖቷ፤ በዓለሙ ደግሞ በማዕድ ዝግጅት፣ በመጻሕፍት ዕውቀት፣ በሕግና በመንግሥት ሥራ። ንጉሡም ስለዚህ እጅግ ይወዳት፣ እንደ እናቱም ያያት ነበር። ጸሐፊው ማዕድንና ሕግን በአንድ ትንፋሽ ነው የጠራው። ዛሬ ብንሆን አንዱን «የቤት ሙያ» ብለን እንጥለው ነበር። ግን አስቡት፤ በዚያ ዘመን ግብር ማብላት ራሱ ፖለቲካ ነው። ማን የት ተቀመጠ፣ ለማን የቱ ሥጋ ደረሰ፣ ማን ሳይጠራ ቀረ፤ ሹም ሽር የሚነበበው ከዚያ ነው። ማዕዱን የምታዝዝ ሴት የአገሩን ወሬ ሁሉ ቀድማ ትሰማለች።

ከዚያ በኋላ ነገሥታቱ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። እስክንድር በልጅነቱ ነገሠ፤ በወጣትነቱ ሞተ። ዳግማዊ ዓምደ ጽዮን የነገሠው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ናኦድ መጣ፤ እሱም በ1508 ሞተ። እሌኒ አለች። ልብነ ድንግል ሲነግሥ ገና የአሥራ አንድ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። አገሩን በእንደራሴነት የያዘችው የሐዲያዋ ልጅ ናት።

አሁን ልጆቹ እንዲያውቁልኝ የምፈልገው ሥራዋ መጣ። እሌኒ ቀይ ባሕር ላይ ምን እንደሚሆን ትከታተል ነበር። ፖርቱጋሎች ሕንድ ውቅያኖስ ገብተዋል። የግብጽ ገዥዎች፣ ማምሉኮቹ፣ መርከብ እያሰናዱባቸው ነው። በ1509 ገደማ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ጠርታ ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ አስያዘችው። ከደብዳቤው ጋር የቅዱስ መስቀል ቁራጭ ላከች። ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፤ እናንተ በባሕር ትበረታላችሁ፣ እኛ በየብስ ሰውና ስንቅ አለን፣ እንተባበር። ልጆቻችንንም እናጋባ አለች። በጋብቻ አገር እንዴት እንደሚታሰር ከእሷ በላይ ማን ያውቃል?

የማቴዎስ ጉዞ ብቻውን አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል። በ1512 ሕንድ፣ ጎዋ ደረሰ። ፖርቱጋሎቹ ሰላይ ነው ብለው ጠረጠሩት። መርከብ ላይም አንገላቱት። ሊዝበን የገባው በ1514 ነው። ከዚያ የመልስ መልእክተኞችን ይዞ በ1520 ምጽዋ ወረደ። ከአሥር ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ብዙም ሳይቆይ ደብረ ቢዘን ላይ ሞተ። የላከችው ንግሥት ጋ መልሱን ይዞ አልደረሰም።

መልእክተኞቹን የመራቸው ሮድሪጎ ደ ሊማ ነው። አብሮ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ሁሉ ጽፎ አቆይቶልናል። ግን ሰዎቹ ሲመጡ ነገሩ ተለውጧል። እሌኒ አርጅታለች። ልብነ ድንግል ጎልምሷል። በ1517 ገደማ የዘይላውን ገዥ ማሕፉዝን ድል አድርጎ ልቡ ሞልቷል። እንግዶቹን ስድስት ዓመት ያህል አስቀመጣቸው። ከደብዳቤው ላይ የነበረው ጥድፊያ እሱ ጋ አልነበረም። አሮጊቷ ያየችውን ወጣቱ አላየም፤ የእኔ ግምት ነው፣ ልትከራከሩኝ ትችላላችሁ።

እሌኒ የሞተችው እነ አልቫሬዝ እዚሁ እያሉ ነው። ሕዝቡ እንዴት እንዳለቀሰላት ጽፏል። እሷ ስትሞት ትልቁም ትንሹም አብሮ ሞተ ይሉ ነበር። በሕይወት ሳለች ሁሉም በእሷ ተጠብቆ ይኖር ነበር፤ የሁሉም አባትና እናት ነበረች አሉ። አባትም እናትም! «የማን ሚስት» ከሚለው ጥያቄ ጋር አስተያዩት። ጎጃም ውስጥ መርጡለ ማርያምን ያሠራችው እሷ ናት። ሁለት መጻሕፍትም እንደደረሰች ተጽፎላታል፤ «እንዚራ ስብሐት» እና «ጸዳለ ፀሐይ» ይባላሉ። ለመሆኑ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ እሌኒን ደራሲ ብሎ የጠራ ሰው አለ?

ማሕፉዝን ጠቅሼ አልፌአለሁ። ተመልሼ ልያዘው፤ ምክንያቱም ሴት ልጅ ነበረችው።

ድል ወንበራ ትባላለች። ባቲ ድል ወንበራ። አባቷ በልብነ ድንግል ጦር ከተገደለ በኋላ አሕመድ ኢብራሂምን አገባች፤ «ግራኝ» የምንለውን ኢማም አሕመድን። በዘመቻው አብራው ዘመተች። የኢማሙ ሰዎች ሚስት ይዞ መዝመት ከማን ያየኸው ነው ብለው ተቃወሙ። ወይ ፍንክች አለች። ነፍሰ ጡር ሆና ሳይቀር በሰው ሸክም ተራራ ተሻግራለች። በዘመቻው ዓመታት ነው የወለደችው። ፉቱሕ አል ሐበሻ የሚባለው የዘመቻው መጽሐፍ ይህን ሁሉ ይናገራል። ጦርነቱን ስናስተምር ግን የሁለት ወንዶች ግጥሚያ አድርገን ነው፤ አሕመድ በዚህ በኩል፣ ልብነ ድንግል በዚያ በኩል። የአባቷን ደም የያዘች ሴት እዚያው ድንኳን ውስጥ እንደነበረች አንናገርም።

በወዲያኛው ወገን ደግሞ ሰብለ ወንጌል አለች፣ የልብነ ድንግል ሚስት። ሽምብራ ኩሬ ላይ በ1529 የንጉሡ ጦር ተሸነፈ። ከዚያ ወዲያ ለቤተ መንግሥቱ ሽሽት ነው። በ1537 የበኩር ልጇ ፊቅጦር ተገደለ። በ1539 ሌላው ልጇ ምናስ ተማረከ፤ ኋላም የመን፣ ዘቢድ ላይ ለነበረው የቱርኮች ፓሻ ተላከ። በ1540 ባሏ ደብረ ዳሞ ላይ ሞተ። በዓመቱ አራት መቶ የፖርቱጋል ነፍጠኞች በክሪስቶቫው ዳ ጋማ መሪነት ከምጽዋ ወጡ። በማን መንገድ? እሌኒ ከሠላሳ ዓመት በፊት በአንድ አርመናዊ ነጋዴ በኩል በከፈተችው መንገድ ነዋ። መጽሐፎቻችን ሁለቱን ነገር በተለያየ ምዕራፍ አስቀምጠው አያገናኟቸውም። ልጆቹ ፖርቱጋሎች ከሰማይ የወረዱ ይመስላቸዋል።

ሰብለ ወንጌል ከተጠለለችበት አምባ ወርዳ ከጦሩ ጋር ሆነች። አዲሱ ንጉሥ፣ ልጇ ገላውዴዎስ፣ ሩቅ ደቡብ ነው። ሰሜን ላይ የመንግሥቱ ፊት እሷ ናት። በ1542 ወፍላ ላይ ፖርቱጋሎቹ ተሸነፉ። ዳ ጋማ ተይዞ ተገደለ። የተረፉት ከእሷ ጋር ሸሽተው ገላውዴዎስ እስኪደርስ ቆዩ። የካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ኢማም አሕመድ ወደቀ። ድል ወንበራ አመለጠች። ልጇ መሐመድ ግን ተማረከ። ገና ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የአንዷ ልጅ ከአንደኛው ወገን እጅ ነው፣ የሌላዋ ልጅ ከሌላኛው። የድል ወንበራን አባት የገደለው የሰብለ ወንጌል ባል ጦር ነው። የድል ወንበራን ባል የገደለው የሰብለ ወንጌል ልጅ ጦር ነው። የሰብለ ወንጌልን አገር ያፈረሰው፣ የበኩር ልጇን የበላው የድል ወንበራ ባል ጦርነት ነው። በሁለቱ ሴቶች መካከል ያለው ደም ይህን ያህል ነው። በዚህ መሃል ተላላኩ። ምናስ ከፓሻው እጅ ወጥቶ መጣ። መሐመድም ወደ እናቱ ተመለሰ። ልጅ በልጅ።

በእኔ ክፍል ውስጥ ሰዒድና ገብረ ማርያም አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። (ስማቸውን ቀይሬዋለሁ።) ይህ ምዕራፍ ሲደርስ በየዓመቱ አየሩ ይለወጣል። አንዱ ይኮራል፣ አንዱ ያቀረቅራል፤ በሚቀጥለው ገጽ ደግሞ ይቀያየራሉ። የሁለቱን እናቶች ነገር የነገርኳቸው ቀን ግን ማንም አላቀረቀረም። ሁሉም ልጆች ናቸዋ፤ ሁሉም እናቱ ምን ታደርግ እንደነበር ያሰበ መሰለኝ።

ደግሞ አታጣፍጡት። ድል ወንበራ ልጇን ካገኘች በኋላ ይቅር ብላ አልተቀመጠችም። ሐረር ገብታ የኢማሙን ዘመድ ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገባች፤ የባሏን ደም እንዲመልስላት አጥብቃ ያዘችው። ኑር በ1559 ገላውዴዎስን ገደለ። ሐረር ሄዳችሁ ጀጎልን ብትጎበኙ ግንቡን ያሠራው አሚር ኑር ነው ይሏችኋል። ከጀርባው የነበረችውን ሴት ስም ለመስማት ግን መጠየቅ አለባችሁ። ገላውዴዎስ ሲሞት ማን ነገሠ? ምናስ። ድል ወንበራ ለልጇ ብላ ያስለቀቀችው እስረኛ፣ ድል ወንበራ ባስነሳችው ጦርነት በሞተው ወንድሙ ዙፋን ላይ ተቀመጠ። ይህን የመሰለ ታሪክ እያለን ነው ልጆቻችን ታሪክ ይደብራል የሚሉት።

ስለ ዮዲት ጉዲት ብዙ አልልም። በአንድ መስመር «አክሱምን አቃጠለች» ብለን እናልፋታለን። በአንዳንዱ ትረካ ኢሳቶ ናት፣ በአንዳንዱ ጉዲት፤ ስሟ ራሱ ስድብ ሆኗል። የምለምነው አንድ ነገር ነው። እንዴት እንዳወቅን ለልጆቹ ንገሯቸው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን ሐውቀል የሚባል ዐረብ ተጓዥ ሐበሻን የምትገዛ ሴት እንዳለች፣ የቀድሞውንም ንጉሥ የገደለችው እሷ እንደሆነች ጽፏል። ከእሷ የሸሸ አንድ የእኛ ንጉሥ ደግሞ ለኖባው (ለኑቢያው) ንጉሥ ለጊዮርጊስ አቤት ብሎ ደብዳቤ ልኳል። አገሬ የተቃጠለው ጳጳስ በማጣታችን ነው፣ ከእስክንድርያ አማልደኝ ይላል። የደብዳቤው ወሬ በእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ውስጥ ተመዝግቦ ቆየን። ከተማ አቃጣይ ሴት ብቻ ሳትሆን ለዓመታት የገዛች መሪ ነበረች ማለት ነው። የገዛችው በምንድን ነው? ማን ተከተላት? ልጆቹ ይጠይቁ። መልስ ባናገኝም ጥያቄው ከስድቡ ይሻላል።

አሁን ከቤተ መንግሥት ልውጣ። ሁሉም ሴት ንግሥት አልነበረችም፤ ዳሩ ግን የምንጠቅሰው ዘውድ ያለውን ብቻ ነው።

ክርስቶስ ሠምራን ብዙዎቻችሁ በገድሏ ታውቋታላችሁ። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሴት ናት፣ የቡልጋ። ባለትዳርና የልጆች እናት ነበረች። ሁሉን ትታ መነኮሰች። ጣና ዳር ጓንጉት ላይ ገዳሟ እስከ ዛሬ አለ። ሐይቅ ውስጥ ቆማ ለዓመታት ጸልያለች። ገድሏ ውስጥ የሚገርመኝ ልመናዋ ነው። ፈጣሪዋን ዲያብሎስን ማርልኝ አለችው። እሱ ከታረቀ የአዳም ልጅ አይጠፋም ብላ ነው። ከቅዱስ ሚካኤል ጋር ሲኦል ወርዳ ዲያብሎስን ና ውጣ አለችው። እሱ ግን ይዞ ጎተታት። ሚካኤል ነው ያስጣላት። ስትወጣ ብዙ ነፍሳት ተከትለዋት ወጡ። እምነቱን ለባለ እምነቱ ልተወውና፣ የዚያን ዘመን ሰው ስለ ጠብና ስለ ዕርቅ ምን ያስብ እንደነበር ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ጽሑፍ ጥቂት ነው። እርቅ ለመጠየቅ የተላከችው ደግሞ ሴት ናት፣ እናት ናት።

ያው ገድል ግን ለምን እንደመነኮሰችም ይናገራል። አንድ ቀን በገረዷ ተናደደች። የእሳት ትንታግ አንስታ አፏ ውስጥ ከተተችው። ገረዲቱ ሞተች። ክርስቶስ ሠምራ ደንግጣ አለቀሰች፣ ጸለየች፤ ገረዲቱ ተነሳች። ከዚያ በኋላ ነው ዓለምን የተወችው።

ይህን ታሪክ ሳነብ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ገረዲቱ ነው። ቅድስቲቱን ለመውቀስ አይደለም፤ ገድሉ ራሱ አልደበቀውም። ገረዲቱ ግን ከዚያ በኋላ የት ደረሰች? ወደ ምድጃዋ ተመለሰች? አፏስ ዳነ? ጸሐፊው አልተከተላትም። የመካከለኛው ዘመን ሴቶች ስንል አብዛኞቹ እሷን ነው የሚመስሉት። የንጉሡ ከተማ ከቦታ ቦታ የሚጓዝ የድንኳን ከተማ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል። እህል የሚፈጨው በድንጋይ ወፍጮ ነው፤ የሚፈጨው የሴት ክንድ ነው። ውኃው የሚመጣው በሴት ጀርባ ነው። ጠጁን የምትጥል፣ ጠላውን የምትጠምቅ ሴት ናት። ሽምብራ ኩሬ ስንት ወታደር እንደተሰለፈ እንከራከራለን። ያን ሁሉ ሰው ማን አበላው የሚል ጥያቄ በፈተና ወረቀት ላይ አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ሳጥኑን አንሱት። እሌኒን ወደ ፖርቱጋሎች ምዕራፍ አስገቧት፣ በር የከፈተችው እሷ ናትና። ድል ወንበራንና ሰብለ ወንጌልን ወደ ጦርነቱ አስገቧቸው። የዜና መዋዕሉን፣ የገድሉን፣ የፉቱሕን ቃል በግማሽ ገጽም ቢሆን ተርጉማችሁ አትሙልን፤ ልጆቹ ራሳቸው ያንብቡ። ምንጭ የለም የሚል ምክንያት እንዳትሰጡኝ። ግዕዙ አለ፣ ዐረብኛው አለ፣ የፖርቱጋሎቹም አለ። እኔ ደመወዝተኛ መምህር ሆኜ ያገኘሁትን እናንተ አታጡትም። «ጀግኒት» እያላችሁ ግን አታሞግሱብኝ። ድል ሰምራ ሹምም ነበረች፣ ተገራፊም። ድል ወንበራ ልጅ አስመለሰች፣ ንጉሥም አስገደለች። እንደ ወንዶቹ ክፉውንም ደጉንም ንገሯቸው።

እስከዚያው እኔ በፎቶ ኮፒ እገፋዋለሁ። አንዱ ገጽ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ፤ ከኪሴ ነው። ያቺ «ሐ» ብላ የመለሰች ተማሪ ገጾቹን በመርፌ ቁልፍ አያይዛ የክፍሉ ቤተ መጻሕፍት አድርጋቸዋለች።

የባሏን ጥያቄ ከፈተናዬ አውጥቼዋለሁ። በቦታው ያስገባሁት ይህ ነው፤ «ምናስ በ1559 እንዴት ሊነግሥ ቻለ? ሁለት እናቶችን በመጥቀስ አብራሩ። (8 ነጥብ)»

ሳነብላቸው ከኋላ ወንበር ያው ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ምርጫ የለውም?»

የለውም አልኩት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የታሪክ መምህር